ያለበት አይታወቅም

ሥራዬ ሳጥን መደበቅ ነበር። ቀልዴን አይደለም። መካነ ሰላም ውስጥ አባታቸው የሞተባቸውን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያስገባ አንድ ትንሽ ማኅበር ቀጥሮኝ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዛወርኩ ነበር። የተጠቀምኩበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የፕሮግራም መዋቅር፣ ደግ ነው፤ ምን መመዝገብ እንደሚፈለግ ከነገሩት የአስተዳዳሪውን ገጽ ራሱ አሰናድቶ ይሰጣል። ችግሩ ሁሉንም ሳጥን ለሁሉም ሰው መደርደሩ ነው። ባል የሌላትን የባልሽ ሥራ ምንድን ነው ይላታል፤ ልጁ ገና የሚድህለትን ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው ይለዋል። የኔ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። አንዱ ሲመረጥ የማይመለከተው እንዲሸሸግ፣ የሚመለከተው ብቻ እንዲወጣ ጥቂት መስመር ኮድ እጽፋለሁ።

ንጹሕ ፎርም እወዳለሁ። ባዶ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥብኝ ያናድደኛል። አዲስ አበባ ስማር ጓደኞቼ ጨዋታና የገበያ መተግበሪያ ሲሠሩ እኔ ፎርም አሳምር ነበር። ሙያ በልብ ነው ቢባልም እኔ ግን ሙያዬን አገር እንዲያይልኝ የምፈልግ ሰው ነኝ።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ከደሴ የመጣ፣ የመካነ ሰላም ብርድ ቢሮ ውስጥም ካፖርቱን የማያስወልቀው ሰው ነው። ፎርሙ ላይ «የአባት ሁኔታ» የሚል ሳጥን አለ፤ ምርጫው ሦስት ነው፦ በሕይወት አለ፣ አርፏል፣ ያለበት አይታወቅም። ማኅበሩ የሚረዳው አባታቸው ያረፈባቸውን ብቻ ነው። መዝጋቢዎቹ ግን አባቱ ያለበት ለማይታወቀውም የልጆቹን ስም፣ ክፍልና የደንብ ልብስ ልክ እየሞሉ ለእናቶች ባዶ ተስፋ ይሰጣሉ አለኝ። ሦስተኛው ሲመረጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንዲጠፋ አድርጊልኝ አለ። ልክ ነህ አልኩት፣ የውሸት ተስፋ ጥሩ አይደለም።

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «አርፏል» ሲባል ሳጥኖቹ ከሥር ይወርዳሉ፦ ያረፈበት ቀን፣ ያረፈበት ቦታ፣ የምስክር ስም፣ ከዚያ የልጆቹ ዝርዝር። ቀኑንና ምስክሩን ካልሞሉ አያስቀምጥም፤ ይሄንን ግዴታ ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ያለበት አይታወቅም» ሲባል ሁሉም እልም ይላል። ደጋግሜ ሞከርኩት። እያወረድኩ እያጠፋሁ፣ እያወረድኩ እያጠፋሁ፣ ደስ አለኝ። አንድም ጊዜ ወንድሜ ትዝ አላለኝም።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል አድርጎ ወደ አረብ አገር ወጣ። መጨረሻ የደወለው ከባሕር ዳርቻ ነው፤ ጀልባ እየጠበቅን ነው፣ ዱዓ አድርጉልን ብሎ ለእናቴ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። አብሮት ከወጡት አንዱ ተይዞ ሲመለስ የነገረን በተለያየ ጀልባ መጫናቸውን ብቻ ነው። ሚስቱ ሁለት ልጆች ይዛ ከእናቴ ጋር ቀረች። እናቴ «ልጄ መንገድ ላይ ነው» ትላለች። ስለሱ «ነበር» እያለ የሚያወራ ሰው ቤቷ አይቀመጥም። አንድ ጊዜ አጎቴ «አላህ ይማረውና» ብሎ ሊጀምር ሲል ተነስታ ወጣች፤ እስኪመሽ ድረስም አልተመለሰችም።

በኛ አገር ሰው የሚሞተው ነፍሱ ስትወጣ አይደለም፣ መርዶ ሲነገር ነው። አገር ሁሉ ሰምቶ፣ ቡና ላይ በሹክሹክታ አውርቶ፣ እናትየው ብቻ ካልሰማች ሰውየው አለ። ደግሞም መርዶ እንደ ወሬ አይወራም፤ ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ ሰዓት ይመረጥለታል። የወንድሜን ማንም አልነገረም፣ ምክንያቱም የሚያውቀው የለም።

የወንድሜ ሚስት አንድ ረፋድ ላይ ከገጠር መጣች፤ ከእናቴ ቤት ከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። የልጆቹን ካርድ በፌስታል ይዛለች። መዝጋቢዋ ጋ ቀድማ ሄዳ «ሲስተሙ አይቀበልም» ተብላለች። እኔ ፊት ቆማ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ነሽ አሉ የሠራሽው።»

እኔ ነኝ አልኩ። ልጂቱ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርታለች፤ ትንሹም ዕድሜው ደርሷል። ማኅበሩ ደብተር፣ የደንብ ልብስና ከተማ ውስጥ ማደሪያ ይሰጣል። ደንቡን አስረዳኋት። ኮዱ ምን እንደሚያደርግም ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋት። ለምን እንዳሳየኋት አላውቅም፣ ምናልባት ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ እንድታምንልኝ። ሳጥኖቹ ሲወጡና ሲገቡ አየች።

«ታዲያ ምን ልጻፍልሽ?» አልኳት።

«የሚከፍተውን ጻፊ» አለች።

በሩን ዘጋሁና «አርፏል» የሚለውን መረጥኩ። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ወረዱ። እንደዚያን ቀን ቀስ ብለው ወርደው አያውቁም መሰለኝ። ያረፈበት ቀን ላይ ስደርስ ቀን መቁጠሪያው ተከፈተ። ግዴታነቱን ማንሳት እችል ነበር፣ ሥልጣኑ የኔው ነው፤ ግን ለአንድ ሰው ብሎ የተፈታ ሳጥን ያስታውቃል ብዬ ፈራሁ። ከደወለበት ሳምንት ጁምዓን መረጥኩለት። የሰው ሞት በእጄ ላይ ከዋለ አይቀር ደህና ቀን ይሁንለት ብዬ ነው። ቦታው ላይ «ባሕር» ብዬ ጻፍኩ። ምስክር በሚለው ላይ ማንን ልጻፍ? የራሴን ስም ጻፍኩ። ሚስቱ ፊደል አትለይም፤ ቢሆንም ጣቴን እያየች አለቀሰች። ለእናቴ ትንፍሽ እንዳንል ተማማልን።

ከሄደች በኋላ ስጋት ያዘኝ። መዝጋቢያችን በጋብቻ የኛ አገር ሰው ናት፤ መዝገቡን በከፈተች ቁጥር የወንድሜን ሞት ታነባለች። እንግዲህ ሙያዬ ምንድን ነው? ደበቅኩት። አንድ መዝገብ ከተቀመጠ በኋላ የአባት ሁኔታ፣ ቀኑና ምስክሩ ለመዝጋቢዎች እንዳይታይ ሌላ ጥቂት መስመር ጨመርኩ። ለሥራ አስኪያጁ የቤተሰብን ገመና ለመጠበቅ ነው አልኩት። ጎበዝ አለኝ።

ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ። ልጂቱ ከአንድ ክፍል በላይ ወደ ኋላ ቀርታ እንኳ አላፈረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ መጥታ የተማረችውን ታነብልኛለች። ደህና ነገር ሠራሁ እያልኩ ራሴን አመሰገንኩ።

ከዚያ ሲስተሙን ለማስገባትና ሠራተኞቹን ለማሠልጠን ደጎሎ ወዳለው ቅርንጫፍ ተላክሁ። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ደርድሬ አስተምራቸው ነበር። ገጽ ላይ መደበቅ ከመዝገብ ማጥፋት አይደለም አልኳቸው፤ ሳጥኑ አይታይም እንጂ ውስጡ ያለው እንዳለ ነው፣ በሌላ በር ይወጣል። ዋና ነገር ነውና ጻፉት አልኩ። ጻፉት።

በዚያው ቀን መካነ ሰላም ላይ ሥራ አስኪያጁ ሕዝቡ ቅሬታ ካለው ያቅርብ ብሎ የተረጂዎችን ዝርዝር ለመለጠፍ አሰበ። ማንም ቅን ሰው የሚያስበው ነው። ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫነ። ያ ቁልፍ የኔን መደበቅ አያውቅም፤ በመዝገቡ ያለውን ሁሉ፣ ዓምዱን አንድም ሳያስቀር፣ አወጣለት። እሱም ወረቀቶቹን በፕላስተር አጣብቆ የገበያ ዕለት ግቢው በር ላይ ለጠፋቸው። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ አርፏል፣ ቀን፣ ቦታ፣ ምስክር።

እኔንና ወንድሜን ቁርዓን ማንበብ ያስቀሩን ሸህ የዚያን ቀን ገበያ ወጥተው ነበር። በበሩ ሲያልፉ ሰው ተኮልኩሎ ሲያነብ ያያሉ፣ እሳቸውም መነጽራቸውን ያወጣሉ። የወንድሜን ስም አነበቡ። ምስክሩን ሲያዩ የኔ ስም ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠራጠሩ ነበር፤ እህት በወንድሟ ሞት ላይ ስሟን አታስቀምጥም። እህትየዋ ሰምታ፣ እናቷን ፈርታ፣ መርዶውን ይዛ ኖራለች ብለው ደመደሙ። እንዲህ ያለው ደግሞ በአገራችን ያለ ነው፣ ዓመት ሙሉ መርዶ ይዞ የኖረ ሰው ሞልቷል።

የቸኮሉት እናቴ ከገበያተኛ አፍ እንዳትሰማ ብለው ነው። ለሁለት ሽማግሌ ብቻ ነገሩ። በማግስቱ ሱብሂ ሰግደው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከእናቴ ደጅ ደረሱ። ውሃ አስቀርበው አስቀመጧት፣ ፋቲሃ አነበቡ፣ ከዚያ ነገሯት። ሁሉንም እንደ ወጉ አደረጉ። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ከመሀላቸው አንዱ እንኳ ቢያጠፋ በሱ አሳብብ ነበር።

ደጎሎ ሳለሁ የደወለልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ አለኝ። ሌላ አልጨመረም። በወረኢሉ በኩል መኪና እየለወጥኩ ስሄድ መንገዱን ሁሉ እናቴን እንዳላጣት ዱዓ አደረግሁ። ከከተማ ወጥቼ ዳገቱን ስጨርስ ከቤታችን ደጅ ሸራ ተወጥሮ፣ ወንዶች ከሥሩ ተቀምጠው አየሁ። አለቀ አልኩ። የገብሱን ማሳ በመሀል አቋርጬ ሮጥኩ። ቤት ስገባ እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣለች። በሕይወት ሳያት አልሃምዱሊላህ ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለማን እንደተቀመጡ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው። «ብቻሽን ተሸክመሽው ኖርሽ» አለችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። የወንድሜ ሚስት ጥግ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ዒዳ ጀምራለች፣ ባል የሞተባት በኛ ዘንድ ከመርዶው ቀን ጀምራ የምትቀመጠውን አራት ወር ከአሥር ቀን። አየችኝና አንገቷን ደፋች። እኔም ደፋሁ። ሰዉ እየገባ «ሰብር አድርጊ፣ አብሽሪ» ይለኛል፤ እኔም አሚን እላለሁ። ሥራ አስኪያጁም ሊያስተዛዝነኝ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጣ። በሦስተኛው ቀን በግ ታርዶ ሰደቃ ወጣ፤ አስከሬኑ በሌለበት ሰላት ተሰገደለት። በላሁ። መብላቴን ሳስታውሰው ዛሬም ያመኛል።

ሰደቃው ሲያበቃ ሸሁን ልሸኝ ወጣሁ። ማሳው ዳር ስንደርስ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ፎርሙን፣ ሳጥኑን፣ ጁምዓውን። አላቋረጡኝም፣ አልተቆጡኝም። በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ታዲያ አለ ነው የምትይኝ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባባ።»

«ሞቷልስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እንግዲያ ምን ብዬ ልመልሰው? ተነስቷል ልበላት? ነገ ደግሞ እውነተኛው ወሬ ቢመጣ ሁለተኛ ልገድልባት ነው? መርዶ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ።» ትንሽ ሄዱና መለስ ብለው «ወላሂ፣ ወረቀት ባላነብ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ወደ ሥራ ስመለስ ቀጥታ መዝገቡን ከፈትኩ። ሰው ላይ መመለስ ካልተቻለ ቢያንስ እዚህ ልመልሰው ብዬ «ያለበት አይታወቅም» የሚለውን መረጥኩ። ኮዴ እንደ ሁልጊዜው ታዛዥ ነው። ቀኑ ጠፋ፣ ባሕሩ ጠፋ፣ የኔ ስም ጠፋ፤ ከነሱ ጋር ደግሞ የልጂቱ ስም፣ የትንሹ ስም፣ ክፍላቸው፣ የልብሳቸው ልክ። ባዶውን ገጽ ሳየው ቆየሁ። ሳላስቀምጠው ዘጋሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ያስያዝኩትም እንዲሁ። ወንድሜ እዚያ መዝገብ ውስጥ በሕይወት ይኑር ካልኩ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይውጡ። እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጽፌም ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴን ሳልነግራት አልቀርም ብዬ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ፣ አንድ እሁድ ወደ ገጠር ሄድኩ። ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም እየለቀምኩ ነገርኳት። ማንም አልነገረኝም፣ ቀኑን ከራሴ ነው ያመጣሁት፣ ልጆቹ እንዲማሩ ብዬ ነው አልኳት። እጇ ሥራውን አላቆመም። ስጨርስ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ጁምዓ ነው ያልሽው» አለች።

«ከልቤ ያወጣሁት ነው እማ። ወላሂ ከልቤ ነው።»

«በወንድሟ ቀን የምትዋሽ እህት የለችም። የምትዋሺው አሁን ነው፣ እኔን ልታጽናኚ።» ጀርባዬን ዳሰሰችኝ። «ተይው። ሦስት ዓመት እንቅልፍ አላየሁም፤ አሁን እተኛለሁ። ጁምዓ ሞተ፣ አላህ ወዶታል።»

በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ሳልታመን ቀርቼ አላውቅም። ደግሜ ማልኩላት። በመጨረሻ ተቆጣችኝ፤ ሙት አያነሱም፣ ነውር ነው፣ ሚስቱንም አታውኪብኝ አለች። የሚስቱ ዒዳ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ወላጆቿ ሊወስዷት ልከዋል። እውነቱን ለነሱ ትናገር እንደሆነ ጠይቄያት ነበር፤ ምን ልበላቸው፣ ባሌ ሳጥን ውስጥ ነው የሞተው ልበል? አለችኝ። ስታወራ አላየችኝም። በመሀላችን የነበረው ነገር ሁሉ አብቅቷል፤ ቤት ስገባ ተነስታ ትወጣለች።

የዚያን እሁድ ልሄድ ስነሳ እናቴን ስልክሽ ለምን አይሠራም፣ ስደውል ዝግ ነው ይላል ብዬ ጠየቅኳት። ቀፎውን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ አለች። ሲሙስ? ሲሙን የመርዶው ዕለት እሳት ውስጥ ጨምራዋለች። «ማን ሊደውልልኝ ብዬ ልያዘው?» አለች።

በማግስቱ ስልክ መሥሪያ ቤት ሄጄ ለዚያ ቁጥር ምትክ ሲም ጠየቅኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቁጥሩን አስገባችና በወንድሜ ስም እንደተመዘገበ ነገረችኝ፤ እሱ ነበር ያወጣላት። ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ፣ ካረፈም የፍርድ ቤት ማስረጃ ይምጣ አለችኝ። ያለበት የማይታወቅ ከሆነስ አልኳት። ስክሪኗን አየች፣ ከላይ እስከ ታች ፈለገች፣ እንደዚያ የሚል የለም አለችኝ።

ማስረጃውን ላወጣ አልፈለግኩም። በአንድ ወረቀት ገድዬዋለሁ፣ በሁለተኛ አልገድለውም ብዬ ወጣሁ። ቁጥሩ ሳይሠራ ከቆየ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔ ቁጥር የለወጥኩት፣ ሚስቱም ስልክ የያዘችው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ወንድሜ አገር ለቆ ሲሄድ በቃሉ ይዞት የሄደው ቁጥር ያ አንዱ ብቻ ነበር።